ሌስተር የማይሳፈርበት አምቡላንስ

የከተማችን የዊራቢን አዲሱ አምቡላንስ ከእኔ ቤት በአንድ ነገር ይበልጣል፤ ማቀዝቀዣው ይሠራል። ጎኑ ላይ አረንጓዴና ቢጫ መስመር አለው፣ የሞተሩ ድምፅ አይሰማም፣ ቃሬዛው አዝራር ሲጫኑት ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። በሩ ላይ ደግሞ ቁመቷ ከጣት የማትበልጥ ጽሑፍ አለች። «በማኅበረሰብ ድጋፍ ፈንድ የተበረከተ» ትላለች። የእኛ ጣጣ በሙሉ የመጣው ከዚያች ጽሑፍ ነው።

ፈንዱ የቆሻሻው ፈንድ ነው። መንግሥት የኑክሌር ቆሻሻውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ፍለጋ አገር ምድሩን ሲያስስ ከርሞ፣ ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለ አንድ የስንዴ ማሳ ዓይኑ ገባ። ቦታው እስካሁን «የታሰበ» ነው የሚባለው። አንድ በርሜል አልመጣም፤ አንድ አካፋ አፈር አልተነሳም። እስኪወሰን ድረስ ግን ማባበያው አልቀረም። የኳስ ሜዳው አጥር ተቀየረለት፣ አዳራሹ አዲስ ጣሪያ አገኘ፣ እኛ ደግሞ አምቡላንስ አገኘን።

እኔ «ይምጣ» ብለው ድምፅ ከሰጡት አንዷ ነኝ፤ አላፍርበትም። ሽማግሌው ሐኪማችን ጡረታ ከወጡ ወዲህ የመጣው ሐኪም ሁሉ ሻንጣውን በቅጡ ሳይፈታ ነው የተመለሰው። ሆስፒታላችን ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ድንገተኛ ክፍሉን ይዘጋል፤ ቅዳሜና እሑድ መታመም ክልክል ነው እንደ ማለት። ቆሻሻው ከመጣ ሐኪም ይከተላል አሉን፤ አመንኩ። ወንድሜ ሌስተር ግን «አይምጣ» ካሉት ነበር፤ እንዲያውም ዋናቸው። በኑክሌር ቆሻሻ አጠገብ የበቀለ ስንዴ ማን ይገዛናል ይል ነበር። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

ስለ ቆሻሻው በተሰበሰብንበት ቀን ከዋናው ከተማ የመጣው ባለሥልጣን ሥዕል እያሳየ ሲያስረዳን ዋለ። አንዲት ሴት ተነሥታ «በርሜል የጫነው መኪና መንገድ ላይ ቢገለበጥስ?» ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ፈገግ ብሎ «የአካባቢው የድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ወዲያው ይደርሳል» አላት። አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ። አገልግሎቱ ከሻይ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ቋሊማ በዳቦ እየገመጠ ነበር፤ እኔና ቬርና።

ቬርና የሌስተር ሚስት ናት። አምቡላንሱ ላይ ለዓመታት አብረን ሠርተናል፤ ያለ ደመወዝ፣ በበጎ ፈቃድ፤ እሷ ትነዳለች፣ እኔ ከኋላ ከሕመምተኛው ጋር።

«እኛን ማለቱ ነው እንዴ?» አለችኝ በጆሮዬ።

«ሌላ ማን አለ?»

«እንግዲያው አገጭሽ ላይ ያለውን ሰናፍጭ ጥረጊ። በርሜሉ ሳይደርስ።»

ሳቄን አፍኜ ቀና ስል ሌስተር ተነሥቶ ቆሟል። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ሲናገር ማይክሮፎን አያሻውም። «በጉቦ በተገዛ አምቡላንስ እኔ አልጫንም!» አለ። «ሬሳዬም አይጫንም! ከእኔ ጋር የሆነ ሁሉ እንዲሁ ይበል!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በማግስቱ ከበጎ ፈቃደኞቻችን የሚበዙት የደንብ ልብሳቸውን መለሱ። የቬርናን ታጥቦ፣ ተተኩሶና ተጣጥፎ በረንዳዬ ላይ አገኘሁት። በሬን እንኳ አላንኳኳችም።

በእኛ አገር መንገድ ላይ መኪና ከመኪና ሲተላለፍ አንድ ጣት ከመሪው ላይ ብድግ ይደረጋል። ለማያውቁት ሰው፣ ለመንገደኛም ጭምር። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሌስተር ለእኔ ጣቱን ማንሣት ተወ። እርሻችን በአንድ አጥር ነው የሚዋሰነው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንተላለፋለን። እኔ አነሣለሁ፤ እሱ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን እያየ ያልፋል። የእናቴ ልጅ! ለወፍጮ ሻጭ የሚያነሣውን ጣት ለእኔ ነፈገኝ።

በዚህ ሁኔታ ከረምን። ያ ቅዳሜ የመጣው አጨዳው በተጋጋለበት፣ ከበረሃው የሚመጣው ነፋስ ፊት በሚለበልብበት ሰሞን ነው። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። አብሮኝ የሚሠራው ግሌን እህል ጭኖ ወደብ ወርዷል፤ በአጨዳ ጊዜ ማንን ትወቅሳለህ? ስልኩ ሲጮህ ሳህን እያጠብኩ ነበር።

«ኮራሊ» አለች ቬርና። ከስንት ጊዜ በኋላ ስሜን ስትጠራኝ። «ሌስተር ነው። ደረቱን ይዞታል። ወደ ክንዱም ወርዷል።»

«ለጥሪ ማዕከሉ ደወልሽ?»

«ደወልኩ። ወዳንቺ እንደሚመሩት አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ራሴ የደወልኩት።» ቀጥላም «አልገባበትም ይላል» አለች።

አምቡላንሱን አስነሥቼ ስወጣ የማዕከሉ ልጅ በሬዲዮ ያዘኝ። «እሜቴ፣ ሁለተኛ ሰው አብሮዎት አለ?» ይለኛል። ደንቡ ሁለት ሰው ይላል። «እዚያ አገኛለሁ» አልኩት። ከገጠር ሕመምተኛ የሚያመላልሰው የሐኪሞቹ አውሮፕላን የት እንዳለ ጠየቅሁት። ሌላ ሕመምተኛ ይዞ እየበረረ ነው፤ ለእኛ የሚደርሰን ወደ ማታ ነው አለኝ።

ሌስተር በኮምባይነሩ ጎማ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። እሱ ግን ገና መሣሪያዬን ይዤ ስጠጋ ጀመረኝ።

«እመቤት በርሜል መጣች።»

«ዝም በል፣ ሸሚዝህን ፍታ።»

«ስንዴዬ መሬት ላይ ሊረግፍብኝ ነው፣ አንቺ ሸሚዝ ፍታ ትይኛለሽ።»

«ሌስተር፣ በእናትህ፣ አንዴ እንኳ የታዘዝከውን አድርግ!» አለች ቬርና። ሳልነግራት የልብ ምት ማንሻውን ሽቦዎች መጣበቂያ እየላጠች ታቀብለኝ ጀመር። እጅ አይረሳም።

የልቡን ምት አንሥቼ ዋናው ከተማ ላለው ሐኪም ላክሁ። መልሱ ለመምጣት ጊዜ አልወሰደም። የልብ ሥሩ ተዘግቷል፣ አሁኑኑ ወደ ወደቡ ሆስፒታል ውሰጂው አለኝ። የወደቡ ሆስፒታል በደህና ቀን፣ ሳይቆሙ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ከዚያ ወዲህ የተከፈተ በር የለም።

አስፕሪን አስቃምኩት፣ ኦክስጅኑን አደረግሁለት። ቃሬዛውን ሳወርድ ጭንብሉን ከፊቱ ላይ አነሣው።

«እዚያ ውስጥ አልገባም ኮሪ።»

«ልትሞት ትችላለህ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን እያልክ ነው?»

«እኔን ብለው ነው እኮ የወጡት። እነዚያ ሁሉ ሰዎች። እኔን አምነው ነው ልብሳቸውን የመለሱት። አሁን እኔ ደረቴን ስላመመኝ ዘው ብዬ ልግባ? ነገ በየጎተራው ‹ሌስተርም ገባበት› ሲባል ልስማ?»

«ብትሞት አትሰማም!»

«እሱም አንድ ነገር ነው» አለና ፈገግ ሊል ሞከረ።

ለማዕከሉ ደወልኩ። ልቡናው የተስተካከለ ሰው እምቢ ካለ አይነካም፤ መለመን ትችያለሽ፣ ማስገደድ አትችይም አሉኝ። ይህን ሌስተር ከእኔ እኩል ያውቀዋል። እኔና ቬርና ለፈተና ስንዘጋጅ ሳሎናቸው ወለል ላይ ሕመምተኛ ሆኖ የሚተኛልን እሱ ነበር። አንዴ የተሰበረ እግር፣ አንዴ እባብ የነደፈው፣ አንዴ ደግሞ «አልሄድም» የሚል ግትር ሽማግሌ። ያንን ግትር ሽማግሌ ሲጫወት እንባችን እስኪፈስ እንስቅ ነበር።

ቬርና ተንበርክካ ለመነችው። በልጆቻቸው ለመነችው፤ ትልቋ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ነው። እሱ ግን ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። እኔ ሰደብኩት። አህያ አልኩት፣ የአባታችን ግልባጭ አልኩት። ምንም ጠብ አላለም። በመጨረሻ ሁለታችንም አጠገቡ ተቀመጥን። ዝንብ ከፊቱ ላይ እናባርራለን። ያኔ ዓይኔ ከቬርና ዓይን ጋር ተጋጨ፤ ምን እንደምታስብ ወዲያው ገባኝ፤ እኔም እሱኑ ነበር የማስበው። ራሱን ከሳተ እምቢ ማለት አይችልም። ራሱን ከሳተ መጫን እንችላለን። ወንድሜ ራሱን እስኪስት ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁ ነበር! አምቡላንሱ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ በሩን ከፍቶ፣ ማቀዝቀዣው እየሠራ።

«በፒክአፑስ?» አለች ቬርና በድንገት። «በእኛ ፒክአፕ ብንሄድስ? ኮራሊ ዕቃዋን ይዛ ከኋላ ትቀመጣለች።»

ሌስተር አሰበበት። «ፒክአፑ የእኔ ነው» አለ። «በእሱ እሄዳለሁ።»

ፒክአፕ ላይ ልቡ ቀጥ ቢል አጋድሜ ደረቱን የምጫንበት ቦታ የለም። ለፈተና ወይ ሐኪም ፊት ብቀርብ ኖሮ ይህን ሁሉ እዘረዝር ነበር። ያኔ ግን የሰማሁት «እሄዳለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ቬርና መኪናውን አስጠጋች። በቃሬዛው እንውሰድህ ስንለው ቃሬዛውም የእነሱ ነው አለ። በግራና በቀኝ ደግፈን አስነሣነው። ትንሽ ተራመደ። የፒክአፑን በር ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ከሁለታችን ክንድ አምልጦ ወደቀ፤ ልቡ ቀጥ ብሏል።

ከዚያ በኋላ አላሰብኩም። ቬርና ደረቱን ትጫናለች፣ እኔ ልብ የሚቀሰቅሰውን የኤሌክትሪክ ማሽን አዘጋጃለሁ። ማሽኑ «ራቁ» አለ፤ ራቅን፤ አዘለለው። ትንፋሽ መጣ። ኃይለኛ፣ የሚያንኮራፋ ትንፋሽ፣ ግን ትንፋሽ ነው። ቬርና «ጎሽ፣ የእኔ ጌታ፣ ጎሽ» እያለች ታለቅሳለች። ቃሬዛው ላይ ጋድም አደረግነው፣ አዝራሩን ተጫንኩ፣ ከፍ አለ። እንዴት ቀላል ነበር! በሩን ዘጋሁ፤ ቬርና መሪውን ያዘች፤ እኔ ከኋላ። ልክ እንደ ድሮው።

በሆስፒታላችን በር ስናልፍ ድንገተኛ ክፍሉ ላይ ሰንሰለት እንደተንጠለጠለ በአምቡላንሱ የኋላ መስኮት ታየኝ። ቬርና ፍጥነት እንኳ አልቀነሰችም። ከከተማ ወጥተን፣ ለቆሻሻው የታሰበውን ማሳ አልፈን፣ ቀጥ ያለውን መንገድ ያዝነው። ግማሽ ያህል ሳንሄድ ሌስተር ዓይኑን ገለጠ። ጣሪያውን አየ። መብራቶቹን አየ። ነጭ፣ አዲስ፣ ንጹሕ። የት እንዳለ ወዲያው ገባው።

ጭንብሉን ገፋ አደረገና «አውርዱኝ» አለ።

ድምፁ ደካማ ነው፤ ግን ይሰማል። ልቡናውም የራሱ ነው፣ ዓይኑ ላይ ያስታውቃል። ደንቡም ግልጽ ነው። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ እጁን ብቻ ያዝሁ። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተሰማኝ፤ ጎማው የመንገዱን ዳር ጠጠር መንካት ጀመረ።

«ቬርና፣ ምን ሆነሻል? ንጂ!»

«ሰምቼዋለሁ ኮራሊ። አውርዱኝ ብሏል።»

«የት ነው የምታወርጂው? ሜዳ ላይ? ለማን?»

«በሕይወቴ የጠየቀኝን እምቢ ብዬው አላውቅም» አለች።

«እኔ ምንም አልሰማሁም። ንጂ!»

መኪናው ለአፍታ እንደማመንታት አለ። ከዚያ ሞተሩ ጮኸ፣ ወደ አስፋልቱ ተመለስን። ሌስተር አየኝ። የተቆጣ ፊት አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ድካም ነበር። ጣቶቹን ከእጄ ውስጥ አወጣና ደረቱ ላይ አኖራቸው። ሁለተኛ አልተናገረም።

ብዙ ሳንርቅ ማሽኑ ጮኸ። አዘለልኩት፤ አልተመለሰም። ደገምኩ። ደረቱን ተጫንኩ፤ በአንድ ጉልበቴ ወለሉን ረግጬ፣ መኪናው በተወዛወዘ ቁጥር ግድግዳው እየመታኝ። ይህ ሥራ ሁለት ሰው እየተፈራረቀ የሚሠራው ነው። አንድ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ ሲደክም እጁ እየላላ መሄዱን ራሱ አያውቀውም።

«ላቁምና ልተካሽ?» አለች ቬርና ከፊት።

ብታቆም መንገዱ ይረዝማል። ባታቆም እጄ ይዝላል። የትኛው እንደሚሻል አላወቅሁም፤ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ንጂ» አልኳት። እስክንደርስ ድረስ ከዚህ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ወደብ ስንደርስ በር ላይ አምስት ሰው ጓንት አድርጎ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አምስት ሰው! እነዚያን ሁሉ እጆች ሳይ እዚያው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አልመለሱትም።

አንዲት ወጣት ሐኪም ወደ እኛ መጥታ እንደ ደንቡ ያለውን ነገረችን። ቬርና ከግድግዳው ሳትላቀቅ «መራመዱ ነው?» አለቻት። «ወደ ፒክአፑ አስነሥተነው ነበር። የእኔ ሐሳብ ነው። እሱ ነው የገደለው?»

«እንዲህ ነው ብዬ መናገር አልችልም» አለች ሐኪሟ።

«መጀመሪያ ስንለምነው እሺ ብሎ ቢሆንስ?» አልኩ እኔ። «ወዲያው ተነሥተን ቢሆን?»

«ምናልባት» አለች። ከዚያ የመጣንበትን መንገድ ያሰበችው መሰለኝ። «ርቀቱ ደግሞ… ምናልባት ያኔም ላይደርስ ይችል ነበር። አዝናለሁ፤ አላውቅም።»

ከዚያች ልጅ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። ወንድሜን ልርገመው ወይስ መንገዱን? እልኩ ነው የገደለው ብትለኝ እሱን እየተቆጣሁ እኖር ነበር። ርቀቱ ነው ብትለኝ ባለሥልጣኖቹ ደጃፍ ሄጄ እጮህ ነበር። «ምናልባት»ን ይዤ ወዴት እሄዳለሁ?

ወደ አምቡላንሱ ተመልሰን ገባን፤ እኔ መሪው ጋ፣ ቬርና አጠገቤ። የሌስተርን ባርኔጣ ታቅፋለች። ማን እንዳመጣው አላስታውስም። ስልኬ በኪሴ ውስጥ ይንጫጫል፤ አውጥቼ አየሁት። ወሬው ከተማ ደርሷል፤ ስናልፍ ያየን ሰው አለ። «እውነት ሌስተር ገባበት?» ይላል አንዱ። «አስገድዳችሁት ነው አሉ» ይላል ሌላው። ከመልእክቶቹ ውስጥ «ተረፈ ወይ?» የሚል ፈለግሁ። አንድም የለም። ቬርና እንዳታየው ስልኩን ደፋሁት።

ገና ከሆስፒታሉ ግቢ ሳንወጣ ሬዲዮው ጮኸ። ያው ልጅ ነው።

«እሜቴ፣ መኪናው ነጻ ነው? ዊራቢን ላይ ጥሪ አለኝ። አንዲት ባልቴት መታጠቢያ ቤት ወድቀዋል፤ ዳሌያቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ደም አለ።»

«ልጄ» አልኩት፣ «አሁን ሕመምተኛ ሞቶብናል። ወንድሜ ነው። አብራኝ ያለችው ሚስቱ ናት።»

«በጣም አዝናለሁ» አለ፤ ከልቡ ነው፣ ድምፁ ያስታውቃል። «ካርታው ላይ ግን ከእናንተ የሚቀርብ ሌላ አይታየኝም። የጎረቤት ከተማው አምቡላንስ ሌላ ሥራ ላይ ነው። አውሮፕላኑም ገና አልተመለሰ።»

ቬርና ባርኔጣውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ቀበቶዋን አሰረች።

«እንሄዳለን» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እሜቴ። በስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ ልበላቸው?»

የድምፁን ቁልፍ ቀንሼ፣ አፌን ወደ መነጋገሪያው አስጠግቼ፣ «አንድ ሰዓት ተኩል» ብዬ በሹክሹክታ ነገርኩት። ቬርና እንዳትሰማው ብዬ ነው። ቬርና ግን ያን መንገድ ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለች፤ አሁን ራሷ ነድታዋለች። መኪናውን ወደ ዊራቢን መንገድ አዞርኩት።